የአባታችሁን የሕይወት ታሪክ እንዴት ትጽፋላችሁ? ከቀብሩ ንባብ እስከ ሙት ዓመቱ መጽሔት

ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት በዚህ ቦታ፣ በዚህ ዓ.ም ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ…» ብሎ ይጀምራል። «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ላይ ሲደርስ ለቅሶው ይነሳል። መጨረሻ ላይ «ደግ፣ ሰው አክባሪና ቤተሰባቸውን ወዳድ ነበሩ» ይባላል። ውሸት የለበትም። ግን ስሙን ቀይራችሁ ብታነቡት ለጎረቤታቸውም ይሆናል።

በትንሽ ከተማ ኖረው ያለፉ አባት በዚህ ከሁሉም በላይ ይጎዳሉ። ጋዜጣ አልጻፈላቸውም፣ ሬዲዮ ስማቸውን አልጠራም። ታሪካቸው ያለው በእድሩ መዝገብ ውስጥ፣ በወፍጮ ቤቱ ደጃፍ፣ አብረዋቸው ጽዋ በጠጡ ሰዎች አፍ ላይ ነው። እነዚያ ሰዎችም እያረጁ ነው። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት እንክፈለው። አንደኛው ለቀብሩ የሚሆን አንድ ገጽ ነው፤ በጥድፊያ ይጻፋል፣ ምንም ማድረግ አይቻልም። ሁለተኛው ለአርባው ወይም ለሙት ዓመቱ የሚደርስ ትክክለኛው ታሪክ ነው። ብዙ ቤተሰብ አንደኛው ላይ ያቆማል። እኔ እንድታቆሙ አልፈልግም።

አካሄዱን የማሳየው በኦርቶዶክስ ለቅሶ ነው። በፕሮቴስታንቱ የሽኝት ፕሮግራምም የሕይወት ታሪክ ስለሚነበብ ብዙው ይሠራል። በእስልምናው ጀናዛው ቶሎ ስለሚወጣ የመጀመሪያውን ደረጃ እለፉት፤ ሐዘን ቤቱ ውስጥ ከሚደረገው ጨዋታ ጀምሩ።

ደረጃ 1፦ ለቀብሩ የሚሆነውን ገጽ አውጡ

ቀብሩ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ነው። ጊዜ የለም። ጽሑፉን ለአንድ ሰው ስጡት፤ ለባለቤታቸው ወይም ለበኩር ልጃቸው ግን አትስጡ። አማች፣ የእህት ልጅ፣ ወይም በሥራ አብሯቸው የኖረ ሰው ይሻላል። እንባው እጁን የማይዘው ሰው ማለቴ ነው።

ከአንድ ገጽ አይለፍ። ሲነበብ ከአራት ደቂቃ ከበለጠ ቀንሱት። ሰው ፀሐይ ላይ ቆሟል፣ ካህናቱም ይጠብቃሉ። በዚህ ገጽ ላይ ውበት አትፈልጉ፤ ስህተት እንዳይኖር ብቻ ተጠንቀቁ። ሙሉ ስም ከነአያት፣ የትውልድ ቦታ፣ ዓመተ ምሕረት፣ ሥራ፣ ባለቤት፣ ልጆች። ማዕረግ ካላቸው ማዕረጉ ይግባ። መቶ አለቃ የነበሩ ሰው «አቶ» ተብለው ሲጠሩ የጦር ጓዶቻቸው ይከፋቸዋል፤ ልክም ናቸው።

ከሁሉም የሚያጣላው የልጆች ዝርዝር ነው። ከመጀመሪያ ትዳር የተወለደች ልጅ ልትኖር ትችላለች። ከጋብቻ ውጭ የተወለደና ሁሉም እያወቀ የማይነሳ ልጅም ሊኖር ይችላል። ገጹ ከመታተሙ በፊት አንድ የተከበሩ የቤተሰብ ሽማግሌ ለብቻ ጠርታችሁ ጠይቁ፦ «ያልጻፍነው ልጅ አለ ወይ?» እኔ በግሌ ስሙ ይጻፍ ባይ ነኝ። አባቱ መቃብር አፍ ላይ ቆሞ ስሙ ሳይጠራ የቀረ ልጅ ያንን ቀን አይረሳም። ቤተሰቡ መስማማት ካቃተው ደግሞ ማንንም በስም ሳትጠሩ «ልጆችና የልጅ ልጆች አፍርተዋል» ብላችሁ እለፉ። ግማሹን ጠርቶ ግማሹን መዝለል ግን በፍጹም አይሁን።

የክርስትና ስማቸውን ለይታችሁ በሌላ ወረቀት ጻፉ። ፍትሐቱ የሚደርሰው በዚያ ስም ነው። ቤተሰቡ ካላወቀው የንስሐ አባታቸው ያውቁታል።

ጽሑፉን በትልቅ ፊደል በሁለት ቅጂ አትሙ። አንዱ አንባቢው ጋ፣ አንዱ ከአጠገቡ የሚቆም ሰው ጋ ይሁን። አንባቢው ድምፁ ከተያዘ ሌላው ካቆመበት ይቀጥላል።

ደረጃ 2፦ ድንኳኑ ሳይነሳ ሰብስቡ

የመመሪያው እምብርት እዚህ ነው። ሰው ከየአቅጣጫው የሚመጣው በእነዚህ ቀናት ብቻ ነው። ከሰልስት በኋላ ድንኳኑ ይነሳል፣ የእድሩ ወንበርና ብረት ድስት ይመለሳል፣ እንግዳው ወደየአገሩ ይሄዳል። በልጅነታቸው አብረዋቸው ከብት የጠበቁ ሽማግሌ ከገጠር በእግራቸው መጥተው፣ ጥግ ላይ ተቀምጠው፣ ንፍሮ ቀምሰው ተመልሰዋል። ማንም ምንም አልጠየቃቸውም። እንዲህ ያለው ነገር ያንገበግበኛል።

ከቤተሰቡ አንድ ወጣት መድቡ። ሥራው ደብተርና ስልክ ይዞ ሰዎቹን ማጫወት ነው። ድምፅ ከመቅረጹ በፊት ያስፈቅድ። «ለልጅ ልጆቻቸው እንዲሆን ነው» ሲባል ብዙ ሰው እሺ ይላል። የተናጋሪውን ስም፣ ከየት እንደመጣና ከሟቹ ጋር በምን እንደሚተዋወቅ ቀረጻው መጀመሪያ ላይ በራሱ አንደበት ይናገር። ይህ ካልተደረገ ከዓመት በኋላ «ይሄ የማን ድምፅ ነው?» እየተባባላችሁ ትቀራላችሁ።

ሰዓቱንም ምረጡ። ጠዋት ለቀስተኛው ይበዛል፣ ጨዋታ አይያዝም። ጥሩው ሰዓት ማታ ነው። አዳሪዎቹ ድንኳኑ ውስጥ ካርታ ይዘው ሲቀመጡ፣ ሻይ ሲዞር፣ ከሐዘኑ መሀል ሳቅ የሚሰማበት ሰዓት አለ። አባታችሁ ሹፌር ከነበሩ የኤንትሬ (የድሮው የጭነት መኪና) ዘመን ጓደኞቻቸው የሚከፈቱት ያኔ ነው። የትኛው ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንደተበጠሰ፣ የትኛው ወንዝ ሞልቶ ስንት ሌሊት እንዳሳደራቸው ያወጋሉ።

ሁለተኛው ቦታ ጓሮ ነው። ሽንኩርት የሚከትፉት፣ እንጀራ የሚያቀርቡት ሴቶች ወንዶቹ የማያውቁትን ያውቃሉ። ሰውየው ሚስታቸው ስትወልድ ምን እንዳደረጉ፣ ቤት ውስጥ ጤፍ ሲያልቅ ማንን አምነው እንደተበደሩ፣ የጎረቤት ልጅ ስትታመም በሌሊት ማን ጤና ጣቢያ እንዳደረሳት ከእነሱ ትሰማላችሁ። ሌላው ቀርቶ ሙሾው ራሱ መረጃ ነው። ጎበዝ አልቃሽ ስትመጣ ስለ ሰውየው ጠይቃ ነው የምትገጥመው። የትውልድ ቀያቸውን፣ ሙያቸውን፣ የሞተ ወንድማቸውን ሳይቀር ታነሳለች። ቤተሰቡ ከፈቀደ ከሩቅ አድርጋችሁ ቅረጹት። ገጽታዋን በቪዲዮ መቅረጽ ግን አያስፈልግም።

ጥያቄው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «እንዴት ያሉ ሰው ነበሩ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ «ደግ ነበሩ፣ ምን ይወጣላቸዋል» ነው። በዚያው ይዘጋል። ትንንሽ ነገር ጠይቁ። መጀመሪያ የት ተያያችሁ? ያን ቀን ምን ለብሰው ነበር? ሲናደዱ ምን ይሉ ነበር? ገበያ ቀን የት ይቀመጣሉ? ብድር ሲጠየቁ ምን ብለው ይሰጣሉ፣ ምን ብለው ይከለክላሉ? ለመጨረሻ ጊዜ ስትገናኙ ምን አሏችሁ? ሰው ትንሹን ነገር ሲያስታውስ ትልቁ ተከትሎ ይመጣል። ሲያለቅስ ደግሞ ዝም በሉ፤ ጥያቄ አትደርድሩ። ብዙ ጊዜ ዋናው ወሬ የሚመጣው ከዝምታው በኋላ ነው።

እነዚህን ሰዎች ፈልጋችሁ አግኟቸው፦ ሚዜዎቻቸው፣ የእድሩ ጸሐፊ፣ የጽዋ ማኅበር ጓደኞቻቸው፣ በሥራ የተኩዋቸው ሰው፣ አንድ ተማሪያቸው ወይም ደንበኛቸው። ተጣልተዋቸው የታረቁ ሰው ካሉ ደግሞ እሳቸውን አትለፏቸው። የእድሩ ጸሐፊ ጋ መዝገብ አለ። አባታችሁ በስንት ዓ.ም እንደተመዘገቡ፣ በየትኛው ዓመት ዳኛ ወይም ገንዘብ ያዥ እንደነበሩ፣ ቀብር ቀርተው መቀጮ ከፍለው እንደሆነ ተጽፎ ይገኛል። መዝገቡ ላይ አንድም መቀጮ ከሌለ ይህ ብቻውን አንድ አንቀጽ ነው።

አንድ ጥብቅ ነገር አለ። አባታችሁ ሽማግሌ ሆነው ባልና ሚስት ያስታረቁ፣ ደም ያደረቁ ሊሆኑ ይችላሉ። ያስታረቋቸውን ሰዎች ስምና የጠቡን ምክንያት አትጻፉ። ያ የእናንተ ታሪክ አይደለም። «ብዙ ቤት በእሳቸው ሽምግልና ቆሟል» ይበቃል።

ውጭ አገር ያሉትንም አትርሱ። ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ያለ ልጅ መርዶውን የሰማው ንጋት ላይ ተሰብስበው በር ካንኳኩ ጓደኞቹ ነው። ቀብሩን በስልክ ቪዲዮ ነው ያየው። እሱም የሚናገረው አለው፤ በየሳምንቱ በስልክ ምን ይባባሉ እንደነበር ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። በድምፅ መልእክት እንዲልክ ጠይቁት።

ደረጃ 3፦ ስልኩን፣ ወረቀቱንና ፎቶውን አድኑ

ከስልኩ ጀምሩ፤ ቶሎ የሚጠፋው እሱ ነው። ለረጅም ጊዜ ያልተሠራበት ሲም ቁጥሩ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ቴሌግራምም ለብዙ ወራት ያልተከፈተ አካውንትን በራሱ ያጠፋል። ስለዚህ በቴሌግራም፣ በዋትሳፕና በኢሞ የላኳቸውን የድምፅ መልእክቶች አሁኑኑ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ። «አለሽ ወይ ልጄ፣ ሰላም ነው ወይ፣ ዝናቡስ ጣለ ወይ» የሚለው ድምፅ ከማንኛውም ፎቶ የበለጠ ዋጋ የሚያወጣበት ቀን ይመጣል።

ቀጥሎ ሳጥኑ፣ ኮመዲኖው፣ የኮታቸው ኪስ። የሚኒስትሪ ካርድ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የጡረታ ደብተር፣ የዕቁብ ወረቀት፣ የዱቤ ደብተር። የዱቤ ደብተሩን «ምን ያደርጋል» ብላችሁ እንዳትጥሉት። በእጃቸው የጻፉት እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። የቤት ካርታና ውል ካገኛችሁ ግን ለውርስ የሚያስፈልግ ስለሆነ ለቤተሰቡ አስረክቡ።

ፎቶዎቹን አገላብጡ። የድሮ ሰው ፎቶ ሲሰጥ ከጀርባው «ለማስታወሻ ይሁን» ብሎ ስምና ቀን ይጽፍ ነበር። የፎቶ ቤቱ ማኅተምም ከተማውን ይነግራችኋል። ፊቱንም ጀርባውንም ቅዱ። ስካነር ካለ በ600 ዲፒአይ ይሁን። ከሌለ ቀን ላይ ጥላ ውስጥ አስቀምጡትና ፍላሽ አጥፍታችሁ ከላይ በቀጥታ አንሱት። አልበሙ ላይ የተጣበቀውን በግድ አትላጡ፣ በእርጥብ ጨርቅም አትጥረጉ። በቴሌግራም ስትልኩ «ፋይል» አድርጋችሁ ላኩ፤ በፎቶነት ከሄደ ጥራቱ ይወርዳል።

ደረጃ 4፦ ዓመቱን አስተካክሉ

የአባቶቻችን ልደት ብዙ ጊዜ የተጻፈ ቀን የለውም። መታወቂያቸው ላይ ያለው ዓመት ደግሞ ለትምህርት ወይም ለሥራ ተብሎ የተቀነሰ ሊሆን ይችላል። ክስተት ይዛችሁ አስሉ። የታኅሣሥ ግርግር 1953፣ አብዮቱ 1966፣ የዕድገት በኅብረት ዘመቻና የትርፍ ቤት ውርስ 1967፣ የካራማራ ድል የካቲት 1970፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ 1971፣ ትልቁ ድርቅ 1977፣ የደርግ ውድቀት ግንቦት 1983፣ የባድመ ጦርነት ግንቦት 1990። ታላቅ እህታቸው «በታኅሣሥ ግርግር ጊዜ የወተት ጥርሱን እየነቀለ ነበር» ካለች ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ሆኗቸው ነበር ማለት ነው፤ ልደታቸው 1946 ገደማ ይሆናል። «ገደማ» ብሎ መጻፍ አያሳፍርም።

ወሩን ከክርስትናው ታገኙታላችሁ። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ነው ክርስትና የሚነሳ። «ለጥምቀት ማግስት ነው የተነሳው» የሚል ሰው ካለ አርባ ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ትደርሳላችሁ።

የእኛንና የፈረንጁን የቀን መቁጠሪያ አትቀላቅሉ። ውጭ ያሉ ልጆች በሚያሳትሙት ወረቀት ላይ ይህ ስህተት ተደጋግሞ አይቻለሁ። 1942 ዓ.ም ተወልደው በ2016 ዓ.ም ያረፉ ሰው 74 ዓመት ኖረዋል። ወረቀቱ ላይ «1942–2024» ከተጻፈ ግን 82 ይሆናሉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማለቂያ አካባቢ ያለው ልዩነት ሰባት ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት። ሐውልት ከማስቀረጻችሁ በፊት ደግማችሁ አስሉ፤ እብነ በረድ ላይ የገባ ስህተት አይፋቅም።

ደረጃ 5፦ ቁጭ ብላችሁ ጻፉ

አሁን ቀረጻ፣ ወረቀትና ዓመት አላችሁ። የቀብሩን ገጽ አውጡና ቅጽሎቹን አስምሩባቸው። ደግ፣ ታታሪ፣ ሰው አክባሪ። ለእያንዳንዱ «መቼ? ለማን? ምን አድርገው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ያላገኘ ቅጽል ይሰረዝ።

በምሳሌ ላሳያችሁ፤ ሰውየው ለማስረዳት ያህል የታሰቡ ናቸው። በረንዳ ላይ ሲንገር አስቀምጠው የኖሩ ልብስ ሰፊ እንበል። የመጀመሪያው ጽሑፍ «በሙያቸው የተመሰገኑና ለድሃ አዛኝ ነበሩ» ይላል። ከቀረጻው በኋላ እንዲህ ይሆናል፦

«የተማሪ ሱሪ ሲሰፉ ከእግሩ በኩል ሦስት ጣት ያህል ጨርቅ አስተርፈው ወደ ውስጥ ያጥፉት ነበር። ልጁ ሲያድግ እናቱ ትተረትረውና ታስረዝመዋለች፤ ሌላ ሱሪ አትገዛም። ይህን ስለሚያውቁ ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ በረንዳቸው በእናቶች ይሞላ ነበር።»

ሁለተኛው «አዛኝ» የሚል ቃል የለበትም። ግን ሰውየውን አያችኋቸው። ከተማው ውስጥ ያንን ሱሪ የለበሰ ሁሉ ሲያነበው «እውነት ነው!» ይላል።

ከልደት መጀመር ግዴታ አይደለም። አንድ ተራ ቀናቸውን ይዛችሁ ጀምሩ። ስንት ሰዓት ይነሳሉ፣ ኪዳን ያደርሳሉ ወይ፣ ቁርሳቸው ምንድን ነው፣ ሱቁን ማን ይከፍታል፣ ማታ ዜና ሰዓት ላይ ልጅ ቢንጫጫ ምን ይላሉ? ከዚያ ወደ ልደቱና ወደ ትዳሩ ተመለሱ። ባለቤታቸውን በአንድ መስመር አትለፏቸው። እናታችሁ በሕይወት ካሉ እንዴት እንደተጋቡ ራሳቸው ይንገሯችሁና እንዳሉት ጻፉት።

አጠራሩን ከመጀመሪያው ወስኑ። ለሕዝብ የሚነበበው በ«እሳቸው» ይሁን። ልጆቹ የሚጽፉት ደብዳቤ ካለ ግን ቤት ውስጥ በሚጠሯቸው ይሁን። «አባዬ፣ አንተ» ስትል የኖረች ልጅ ወረቀት ላይ ስትደርስ «አንቱ» ካለች ጽሑፉ የእሷ አይመስልም።

ሙት ወቃሽ ላለመሆን ብለን ብዙ ጊዜ ሰውን መልአክ እናደርገዋለን። እኔ መለኪያዬ ይህ ነው። ቤተሰቡ እየሳቀ የሚያወራው ጉድለት ይግባ፤ ግትርነታቸው፣ ቁጣቸው፣ ዳማ ሲሸነፉ መኮራረፋቸው። በሕይወት ያለ ሰው የሚያቆስለው ይቅር። ነገር ግን ያልነበረውን አትጻፉ። ልጆቻቸውን በመጠጥ ያስጨነቁ አባት «ዘመናቸውን ሙሉ ለቤታቸው የኖሩ» ተብለው ሲነበብ ሚስታቸው አንገታቸውን ደፍተው ይሰማሉ። ዝም ማለት ይቻላል፤ መዋሸት ግን ሚስታቸውን ደግመን መበደል ነው። ታስረው ወይም በቀይ ሽብር ጊዜ ወንድም ቀብረው ከሆነ የደረሰባቸውን ጻፉ፤ በወሬ ብቻ የሚታወቅ ጠቋሚ ግን በስም አይጠራ።

ደረጃ 6፦ አስነብቡ፣ አሳትሙ፣ አከፋፍሉ

ከመታተሙ በፊት ሦስት ሰው ያንብበው፦ ባለቤታቸው ወይም ታላቅ እህታቸው፣ አንድ የሥራ ጓደኛቸው፣ የእድሩ ጸሐፊ። ማንበብ ለማይችሉት ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። ስም፣ ቦታና ዓመት ያርሙ። «ይህን ባትሉት ጥሩ ነው» ካሉም ምክንያታቸውን ስሙ።

ለአርባው መድረስ ካልቻለ አትጨነቁ፤ የተዝካሩ ድግስ ራሱ በቂ ሥራ አለው። ሙት ዓመቱ የተሻለ ጊዜ ነው። ፊደሉ ከ14 አይነስ፤ አንባቢዎቻችሁ መነጽር የሚያደርጉ ሽማግሌዎች ናቸው። ማተሚያ ቤት ስትልኩ በፒዲኤፍ ላኩ። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ጽሑፍ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ፊደሉ ይዘበራረቃል። በየፎቶው ሥር የሁሉንም ስም ከግራ ወደ ቀኝ ጻፉ፤ ዛሬ የምታውቁት ፊት ለልጆቻችሁ ባዕድ ነው።

ቅጂ ለእድሩ፣ ለጽዋ ማኅበሩ፣ ይሠሩበት ለነበረው ትምህርት ቤት ወይም መሥሪያ ቤት ስጡ። ያወሯችሁ ሰዎች እያንዳንዳቸው በስማቸው የተጻፈበት አንድ አንድ ይድረሳቸው፤ ከገጠር የመጡት ሽማግሌም ጭምር፣ በገበያተኛ እጅም ቢሆን። የቀረጻዎቹን ሙሉ ቅጂ ቢያንስ ሁለት ልጆች በተለያየ ቤት ያስቀምጡ፣ አንዱ ከአገር ውጭ ቢሆን ጥሩ ነው። በቤተሰቡ ቅጂ መጨረሻ ላይ ጥቂት ባዶ ገጾች አስጨምሩ። መጽሔቱን ያነበበ ሰው «አንዱን ረስታችኋል እኮ» ብሎ መምጣቱ አይቀርም። ሲመጣ እዚያው ጻፉት፤ ማን እንደነገራችሁና በስንት ዓ.ም እንደሆነም አብራችሁ አስፍሩ።